ወንበሮቹን ወደ ምሥራቅ ያዞርን ጊዜ

የሰው ቤተ ክርስቲያን ወንበር ያለ ፈቃድ ፈትቼ ያዞርኩ ሴት ነኝ። ይህን ስናገር ማፈር እንዳለብኝ የሚመክሩኝ ሰዎች አሉ። አላፍርም። እንዲያውም ልጆቼ ሰምተው የጠገቡት ወሬ ቢኖር ይኸው ነው፤ ገና አፌን ስከፍት «ማሚ፣ ኖት አጌን!» ይሉኛል። አንባቢ እንደ ልጅ አያቋርጥምና ዛሬ በጽሑፍ፣ ከሥሩ ልጀምረው።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከሱዳን ከመጣሁ ሦስት ዓመት ቢሞላኝ ነው። የጽዳት ሥራ ሁለት ቦታ ነበረኝ፤ አንዱ መሀል ከተማ ያለ ቢሮ፣ ሌላው ከወደቡ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የሚገኝ ትንሽ የሜቶዲስቶች፣ ማለት የፕሮቴስታንት ወገን፣ ቤተ ክርስቲያን። ቢሮውን የማጸዳው ለደመወዝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወድጄው ነው።

ከውጭ ላየው ሰው የሚወደድ አልነበረም። ነጭ ቀለሙ ተላልጧል፣ ኮንቴነር የጫኑ መኪኖች ባለፉ ቁጥር መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ አናጢ ነበር፤ እኔም ያደግኩት ሰጋቱራ እየረገጥኩ ነው፤ እንጨት አውቃለሁ። ተንበርክኬ ወለሉን ስወለውል በእጅ የተገፋ መላጊያ የሄደበት መንገድ መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር። ጣሪያውን የተሸከሙት ወፋፍራም እንጨቶች አንድ ሚስማር ሳይመታባቸው እርስ በርስ ተነካክሰው ነው የቆሙት። ይህን የሠራ ሰው እጁን የሚያከብር ሰው ነው እል ነበር፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ማን እንደሆነ የነገሩኝ እማማ ናቸው። «እማማ» ስማቸው አይደለም፤ እኛ ያወጣንላቸው ነው። ጥቁር አሜሪካዊት፣ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ኮፍያ ሳያደርጉ ከቤት የማይወጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ጠባቂ ነበሩ። የተዋወቅን ቀን ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሥተው ጨበጡኝና «ከንጉሡ ቤተሰብ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ። በልጅነታቸው ስለ እኛ አገር የሰሙት ሁሉ ስለ ዘውድ ነበር። እኔ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ።

«አይደለሁም፤ አባቴ አናጢ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ ይበልጣል» አሉ። «ይህን ቤት የሠራው አያቴም አናጢ ነበር።»

አያታቸው በባርነት የተወለዱ ሰው ናቸው። ነፃ ሲወጡ ሙያቸውን ብቻ ይዘው ወደ ምዕራብ መጡ፤ እዚህ ሲደርሱ እንደ እሳቸው ካሉ ምእመናን ጋር ሆነው፣ ቀን የሰው ሥራ እየሠሩ፣ በተረፋቸው ሰዓት ይህን ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። እማማ ይህን ከእናታቸው ሰምተዋል። እናታቸው የተዳሩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ እሳቸውም የተጠመቁት እዚያው ነው። የሚያስረዳ ወረቀት ግን አልነበረም። መዝገቡ ተቀምጦበት የነበረው ቤት ከብዙ ዘመን በፊት ተቃጥሏል። የቀረችው አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ናት።

ፎቶግራፏን እማማ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚይዟት። የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታሳያለች፤ ሰባኪው የሚቆምበት መድረክ፣ ከመድረኩ ኋላ አናታቸው ቅስት የሆነ ሦስት መስኮቶች፣ ፊት ለፊት ደግሞ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ ስድስት ወንዶች። ከስድስቱ አንዱ አያትየው ናቸው። በጀርባዋ በእርሳስ «በእጃችን የሠራነው» ተብሎ ተጽፏል፤ የት እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

በዚያ ዓመት ቤቱ ሊፈርስ ሆነ። ምእመናኑ ሠላሳ ቢሞሉ ነው፣ አብዛኞቹም አዛውንት ናቸው፤ ሰፈሩን ለመጋዘንና ለጭነት መኪና ማቆሚያ የፈለገ ባለሀብት ደግሞ መጥቷል። መዳኛው አንድ ነበር፤ ከተማው ቤቱን በታሪካዊ ቤቶች መዝገብ ካስገባው አይፈርስም። ይህን የሚያጠና ባለሙያ መጣ፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሜትሩን እንደ ሰዓት ኪሱ ውስጥ የሚይዝ ሰው። ሦስት ጊዜ ዞሮ አየና እማማን አስቀምጦ በትሕትና ነገራቸው። ፎቶግራፉ ላይ ከመድረኩ ኋላ ሦስት መስኮቶች አሉ። እዚህ ከመድረኩ ኋላ ያለው ግድግዳ ድፍን ነው፤ መስኮት ኖሮበት አያውቅም። ስለዚህ ፎቶግራፉ የዚህ ቤት አይደለም። በጥንት ጊዜ ሳን ሆዜ ውስጥ የነበረ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ብዙዎቹ የሚሠሩት በተመሳሳይ ንድፍ ነበር። ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ተመልሶ ያያል። በቃ።

በማግስቱ እማማ «መኪናሽ ሳን ሆዜ ትደርሳለች?» አሉኝ።

«መድረሱንስ ትደርሳለች። መመለሱን እንጃ» አልኳቸው።

ሄድን። ባለሙያው የነገረን ቦታ ስንደርስ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የመኪና ማቆሚያ ነው። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ፈርሶ ብዙ ዘመን እንደሆነው ነገረን። መስኮቱ ስንት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው አላገኘንም። ስንመለስ እማማ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ያለ ኮፍያ አይቻቸው ስለማላውቅ የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው። ፀጉራቸው ሳስቶ ነበር። «ፎቶግራፉ የእኛ ቤት አይደለም ካሉ» አሉ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ «አያቴ የሠራው ቤት የትም የለም ማለት ነው።» እኔ መንዳቴን ቀጠልኩ።

አሁን ወደ እኛ ጉድ ልምጣ። እኛ ማለት ያኔ ኦክላንድ የነበርን የኦርቶዶክስ ተከታዮች፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ሆቴል የሚያጸዳ፣ ከወደቡ ጭነት የሚያመላልስ፣ ተቆጥረን አርባ የማንሞላ ሰዎች። በእኔ አማላጅነት ሜቶዲስቶቹ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ቤታቸውን ፈቅደውልን ነበር። ቄሳችን አዘቦት አዘቦት የመኪና ማቆሚያ ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ፤ ቅዳሜ ካህን ይሆናሉ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የምናደርሰው ጸሎት ብቻ ነበር። አሁን ግን ሁለተኛ ቄስና ዲያቆናት ከሎስ አንጀለስ ሊመጡልን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቅዳሴ ሊቀደስ ሆነ።

ችግሩ አቅጣጫ ነው። የእኛ ሰው ሲጸልይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደርጋል፤ በቅዳሴውም መሀል ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ብሎ ያዛል። የሜቶዲስቶቹ መድረክ ያለው በምዕራብ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው መግቢያው በር ነው፤ ከበሩ ግራና ቀኝ በኮምፔንሳቶ የተለበጠ ግድግዳ፣ እሱ ላይ ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳ። ወንበሮቹ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች ሆነው ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው። እና ጸሎት ላይ ሁላችንም ተነሥተን ዞረን፣ ለመድረኩ ጀርባችንን ሰጥተን፣ አዛውንቶቹ መቀመጫ አጥተው እንቆም ነበር። ለአጭር ጸሎት ይቻላል። ለሙሉ ቅዳሴ ግን እንዴት ተብሎ?

ኮሚቴያችን ሦስት ጊዜ ስብሰባ ተቀመጠ። የኮሚቴውን ሊቀመንበር አሁንም ድረስ በዚህ አበሽቀዋለሁ።

«ፐርሚሽን ሳንጠይቅ ከነካን ኪክ አውት ያደርጉናል» አለ በመጀመሪያው ስብሰባ።

«እሺ ጠይቃ!» አልኩት።

«እሱማ ሌተር መጻፍ አለበት። ሌተሩን ደግሞ ማን ይጽፈዋል የሚለውን ኔክስት ሚቲንግ ዲስከስ እናደርገዋለን።»

ዲያቆናቱ ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደብዳቤው ገና አልተጻፈም። ዓርብ ከሰዓት ለጽዳት ስገባ ካቻቪቴና መፍቻ ይዤ ገባሁ። ቄሱ ከሥራ በቀጥታ መጡ፣ ስማቸው የተጻፈበትን የመኪና ማቆሚያውን ዩኒፎርም እንደለበሱ።

«ልጄ፣ ፈቃድ ተገኘ እንዴ?»

«አባ፣ እሑድ ሳይደርስ እመልሳቸዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

«ኧረ ይህስ ደግ አይደለም» አሉ። እያሉም ዩኒፎርማቸውን ሰብስበው የመጀመሪያውን ወንበር አንዱን ጫፍ ያዙ።

ብሎኖቹ ለመፈታት አስቸገሩ፤ ወንበሮቹ ደግሞ ከባዶች ናቸው። አንዱን አንሥተን ካዞርነው በኋላ ወለሉ ላይ እኩል የሚቀመጥበትን ቦታ ፍለጋ ወዲህ ወዲያ ስገፋው እግሩ አንድ ነገር ላይ ግጥም አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከብሎኑ ቀዳዳ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፣ በእንጨት ውታፍ የተደፈነ ሌላ ቀዳዳ አለ። ከጎኑም ሌላ። ለአንድ ወንበር አራት። የወንበሩ እግር ያረፈበት ዱካ እንኳ ሳይቀር ወለሉ ላይ ቀለሙ ነጥቶ ይታያል፣ ግን በግልባጩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ። ሁለተኛውንም አዞርን። እሱም በራሱ ቦታ ገባ። ሃያ አራቱም ወንበሮች ልካቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ቄሱ ቆመው አማተቡ። «ተአምር ነው! እግዚአብሔር አዘጋጅቶልናል!»

«አባ፣ ተአምር አይደለም፤ አናጢ ነው» አልኳቸው። «ይህን ቀዳዳ የበሳም፣ የደፈነም ሰው አለ። ከእኛ በፊት ወደዚህ ዞሮ የተቀመጠ ሰው ነበር።»

«ጌታችንስ አናጢ አልነበረም?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ቅዳሜ ተቀደሰ። ጫማችንን በር ላይ ደርድረን፣ አዛውንቶቹ በወጉ ተቀምጠው፣ ሁላችንም ፊታችን ወደ ምሥራቅ። ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሐሳቤ ሸሸ። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ጀርባ ስሰጠው፣ በጥድፊያ ስገባና ስወጣበት፣ ለጸሎት ስዞርም አንገቴን ስደፋበት የኖርኩትን ግድግዳ እንደዚያ ፊት ለፊት ተቀምጬ አይቼው አላውቅም። ከበሩ በላይ፣ ቀለሙ ሥር፣ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጎብጦ ወጥቶ ጎብጦ ይወርዳል፣ ቅስት ነው። ከበሩ ግራ ኮምፔንሳቶ፣ ከበሩ ቀኝ ኮምፔንሳቶ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳላውቀው ድምፅ አውጥቼ «ሦስት» አልኩ፤ ጎኔ የነበረችው ሴት በቅዳሴው የተነካሁ መስሏት ትከሻዬን አቀፈችኝ።

እንደተፈጸመ ሮጬ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ውስጥ ካለው ስልክ ለእማማ ኮል አደረግኩ። «ይምጡና ይዩ» ከማለት በቀር ነገሩን አዳርሼ መናገር አልቻልኩም። በእንግሊዝኛዬ ደንግጠው ይሆን በድምፄ፣ ወጣቱን የሜቶዲስት ፓስተር አስከትለው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሱ።

ፓስተሩ ከበሩ ሲገባ ሃያ አራት ወንበር አፍጥጦ ተቀበለው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አደረግሽ?» አለኝ። «ባለሙያው ሰኞ ይመጣል! የመጨረሻው ፍተሻ ነው! ማስረጃ ለመፍጠር ቤቱን ነካኩት ቢለንስ?»

ሰኞ መሆኑን አላውቅም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው፤ ለእኛ አንድ ጠዋት እንዲመች ብዬ የእማማን አያት ቤት በገዛ እጄ ላፈርስ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እማማ አጠገቤ የሉም። ወለሉ ላይ ናቸው። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ተንበርክከው ውታፎቹን በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያሉ በጉልበታቸው ወደ ፊት ሄዱ። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፉት። የመጨረሻው ወንበር ጋ ሲደርሱ ቀና አሉና በሩን አዩ፤ ከበሩም በላይ ያለውን ስንጥቅ። ምንም አልነገርኳቸውም። ራሳቸው አዩት።

እኔ ወዲያው መዶሻ ላመጣ ተነሣሁ። ኮምፔንሳቶውን በጣቴ መታ መታ አድርጌው ነበር፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ከበሮ ያህል ይጮኻል። አንድ ምት ብቻ ይበቃዋል።

«አትንኪው» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ከኋላው እኮ ነው ያለው!»

«ቢኖርም ባይኖርም፣ እኔና አንቺ ብንከፍተው ሆን ብላችሁ ሠራችሁት ይሉናል። ሰውየው ራሱ ይክፈተው።»

የሁለት ቀን ትዕግሥት ምን እንደሚያህል ያን ጊዜ አወቅሁ። ትዕግሥት ደግሞ ሲፈጥረኝም አልሰጠኝ። ከኋላው ምንም ባይኖርስ? ባዶ ግድግዳ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የድሮ ጋዜጣ ቢሆንስ?

እሑድ ሜቶዲስቶቹ ሲመጡ ወንበሮቹ እንደዞሩ ነበሩ፤ እማማ ማንም እንዳይመልሳቸው አዘዋል። ፓስተሩ የሚያደርገው ጠፍቶት በሩ አጠገብ ቆሞ ሰበከ። አርፍዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሩን ሲከፍት ከፓስተሩ ጀርባ ብቅ ይልና ሠላሳ ሰው አፍጥጦ ያየዋል። አንድ ሽማግሌ ገብተው፣ ደንግጠው፣ ወጥተው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ከውጭ አንብበው ተመለሱ። እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኜ በሁለት እጄ አፌን ይዤ ነበር።

ሰኞ ባለሙያው መጣ። ፓስተሩ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገረው፤ ቀዳዳዎቹን አሳየው። ሰውየው ተንበርክኮ አንዱን ውታፍ በወስፌ ነቅሎ በማጉያ መስታወት አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ እንደ እኔ በጣቱ መታ መታ አደረገና ዞሮ «መንቀያ ብረት አለሽ?» አለኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ በእጄ ይዤው እንደምዞር ምን ያውቃል!

ኮምፔንሳቶው እየተንጣጣ ተላቀቀ። አቧራው ሲረግብ የመስኮት ክፈፍ ታየ፤ ረጅም፣ አናቱ ቅስት የሆነ፣ ከውጭ በኩል በሳንቃ የተዘጋ፤ አንድ ጥግ ላይ የቢጫ መስታወት ስባሪ እንኳ ቀርቶበታል። ከበሩ ማዶ ያለውን ሲከፍት ሌላው መስኮት። መሀሉን የዱሮዎቹ ምእመናን በር አድርገውታል፤ ቅስቱ ግን ከበሩ በላይ ልሰኑ ሥር እንዳለ ነው። ባለሙያው ፎቶግራፏን ከእማማ እጅ ተቀብሎ ከግድግዳው ጋር አስተያየ፤ ሜትሩን አወጣ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ራሱ አገናኘው። በምዕራብ በኩል ድሮ መንገድ ነበር። የባቡር ሐዲድ ሲሰፋ መንገዱ ተወሰደ፤ ምእመናኑም የምዕራቡን በር ደፍነው፣ መግቢያቸውን በምሥራቅ ከፍተው፣ መድረኩን አሻግረው፣ ወንበሩን ገለበጡት። እማማ ያኔ አልተወለዱም ወይም ሕፃን ነበሩ። የወንበር መገልበጥ ደግሞ ታሪክ ነው ብሎ ለልጁ የሚያወርስ ማን አለ?

«ተሳስቻለሁ» አለ ሰውየው ለእማማ። ስሕተቱን እንዲህ አፍ አውጥቶ የሚናገር ባለሙያ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ አላጋጠመኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብረዋለሁ። እማማ ግን አልመለሱለትም። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መስኮቶቹን ብቻ ያያሉ። ደስታ ነው ብዬ ተውኳቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩን ሊወስን በተቀመጠ ቀን አዳራሹ በሁለት ወገን ሰው ሞላ፤ በአንድ በኩል ባለ ኮፍያ ሜቶዲስቶች፣ በሌላው በኩል ባለ ነጠላ ኦርቶዶክሶች። ኮሚቴያችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተስማምቶ ሙሉ በሙሉ መጣ። ባለሙያው ካስረዳ በኋላ ከሚወስነው ቦርድ አባላት አንዷ እኔን አስጠራችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ወንበሮቹን ያዞርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

ወደ ኮሚቴያችን ሊቀመንበር ዞር ብዬ አየሁት፤ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቀለ። «ማንም» አልኩ። «እኛ ስንጸልይ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ እናደርጋለን። ወንበሩ ደግሞ እንቢ አለን። ስህተቱ የእኔ ነው። ቀዳዳዎቹን የበሱት ግን» አልኩ እማማን እያሳየሁ፣ «የእሳቸው አያት ናቸው።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ሳቀች። ድምፅ ሲሰጥ ተቃዋሚ አልነበረም። ቤቱ መዝገብ ገባ። ውሳኔው ሲነበብ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረበት፤ ወንበሮቹ በመጀመሪያው አቀማመጣቸው፣ ወደ ምሥራቅ እንደዞሩ ይቆያሉ። ይህን ስተረጉምላቸው ቄሳችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «እንግዲህ» አሉኝ፣ «ሜቶዲስቱን በከተማ ሕግ ወደ ምሥራቅ አዞርሽው!»

የኮራሁት በዚህ ብቻ አይደለም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እነዚያ ሰዎች ግን መዳብ ነው እየተባሉም ወርቃቸውን አልጣሉም። እማማ አንዲት ፎቶግራፍ በጨርቅ ጠቅልለው ለስንት ዘመን ያዙ። እኛ በስደት የመጣን ሰዎች ደግሞ፣ እንግሊዝኛችን በሚሳቅበት፣ ዲግሪያችን በማይቆጠርበት አገር፣ ከእናቶቻችን የያዝነውን አንድ ልማድ ባለመተዋችን የሌላ ሰው ታሪክ አገኘን። ይህን ያደረግነው እኛ ነን። ማንም አይወስድብኝም።

መስኮቶቹን ለመክፈት ጥቂት ሳምንታት ፈጀ። ከውጭ የነበረው ሳንቃ ተነሥቶ መስታወት ገባ፤ በሩ በቦታው ቀረ። ወንበሮቹን በዱሮው ቀዳዳ ላይ መልሼ በብሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጊዜ በፈቃድ። በሩ ፊት ለፊት ስለሆነ አርፍዶ መግባት ውርደት ሆነ፤ የእኛ ሰው እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰዓቱ መምጣት ጀመረ። ይህንስ ከተአምር ብቆጥረው አይፈረድብኝም።

መስኮቶቹ ከተከፈቱ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ከሜቶዲስቶቹ ጋር ልቀመጥ ሄድኩ። እማማ ከሁሉም ቀድመው ደርሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አዲስ ኮፍያ አድርገዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። ቅስቶቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ያ ሁሉ የተፈለፈለ እንጨት፣ ያ ሁሉ የእጅ ሥራ። እንባቸው ሲወርድ የደስታ መስሎኝ መሐረብ ሰጠኋቸው።

«ያን ሰኞ ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት እየመጣሁ፣ አያቴ ነው የሠራው እያልኩ ስኮራ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምቀመጠው።»

እኛ ዘንድ ለአባት ጀርባ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ተነሥቼ ቆምኩና፣ እናቴን እንደማደርጋት፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩና መዝሙሩ እስኪጀመር ድረስ አላነሡትም።